የእማማ በላይነሽ ደጋን

ባለፈው ሰሞን ፍራሽ ላሳድስ ቃሊቲ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ወዳለ ፍራሽ ቤት ሄጄ ነበር። ሰውየው የጆንያውን አፍ ሲፈታው ጥጡ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ ወጣ፤ ሽታውም አብሮት ወጣ። ጥጥ ደግሞ ምን ይሸታል የሚለኝ አይጠፋም። ፀሐይ ላይ የዋለ ጥጥ ትንሽ የፍሬ ዘይት፣ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽ ደግሞ ሰው የተኛበት አልጋ ይሸታል። ለእኔ ግን የእማማ በላይነሽ ቤት ነው የሸተተኝ። ሰውየው "እትዬ፣ ጠንከር ይበል ወይስ ለስለስ?" እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ጣል አድርጌ የሚመጣ ድምፅ እጠብቃለሁ። ምንም አልመጣም። ለካ አሁን ጥጡን የሚያፍታታው ማሽን ነው።

ልጅ ሆኜ አቃቂ የኖርንበት የቀበሌ ቤት ከእማማ በላይነሽ ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራ ነበር። በእኛ በኩል የእኔ አልጋ፣ በእነሱ በኩል የአባባ ታፈሰ አልጋ ግድግዳውን ተደግፈዋል። አባባ ታፈሰ የእማማ በላይነሽ ባል ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ክር ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ መስማት ተስኗቸው ነበር። እናቴ "ጆሯቸውን ፋብሪካው አስቀረው" ትል ስለነበር፣ ከአጥሩ ወዲያ በአንድ መደርደሪያ ላይ የጡረተኞች ጆሮ ተደርድሮ ይታየኝ ነበር። ባለቤቶቹ ለምን ሄደው እንደማይጠይቁ አይገባኝም። ፋብሪካው ማቅለሚያውን የሚደፋበት ወንዝም እንደዚያው ግራ ያጋባኛል። አንድ ቀን ቀይ፣ አንድ ቀን ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል፤ እኔ ልብስ የሚቀይር ይመስለኝ ነበር። ዓመት በዓል ሲመጣ ለምን ነጭ እንደማይለብስ ደግሞ ይገርመኛል።

እማማ ጥጥ ይነድፉ ነበር። ደጋናቸው ከክንዴ ረዘም ያለ፣ የጎበጠ እንጨት ነው፤ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ጅማት ተወጥሯል። ጅማት እንበለው እንጂ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተከርሮ የደረቀ የበግ አንጀት ነው። ፍሬው የወጣለትን ጥጥ እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ሰሌን ላይ ያኖሩና ጅማቱን ከላዩ አስጠግተው በጣታቸው ሳብ፣ ለቀቅ ያደርጉታል። ድውው። ጥጡ ይዘላል። ድውው። የተቋጠረው ይፈታል፣ ቆሻሻው ይረግፋል፣ ሲበቃው ሰሌኑ ላይ የቀረው እንደ ማለዳ ጉም የሳሳ ነገር ነው። ባዘቶ ይሉታል። ያን በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ፈትሉን ሸማኔ ይወስደዋል።

ሲነድፉ የሚቀመጡት ሁልጊዜ ከአባባ አልጋ ግርጌ ነው። የደጋኑን አንድ ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር ያስጠጉታል። "እንዲሰማው ነዋ" አሉኝ አንድ ቀን ብጠይቃቸው። እውነትም አባባ መዳፋቸውን የአልጋው ጠርዝ ላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ይከድናሉ። ሰው ሲጮህባቸው የማይሰሙት ሰውዬ የሚስታቸውን ደጋን በእንጨት በኩል ያዳምጡ ነበር። እኔም በወዲያኛው በኩል ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳምጣለሁ። ከትምህርት ቤት መጥቼ ጋደም ስል፣ የጂቡቲው ባቡር ከሩቅ ሲጮህ፣ መኪኖቹ በደብረ ዘይት መንገድ ሲያጓሩ፣ ከሁሉም ሥር ያ ድውው አለ። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ያለውን ቦታ የማውቀው በእሱ ነው።

ይህ ነገር በሆነበት ዓመት አባባ ታፈሰ ከጥምቀት ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ይበርዳቸው ነበር። ሁለት ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው፣ ፀሐዩ ቆርቆሮውን እያንጣጣው፣ እሳቸው ይበርዳቸዋል። እማማ ቃል ሲገቡላቸው እኔ በር ላይ ነበርኩ።

"ለፋሲካ በገዛ እጄ በፈተልኩት ጋቢ ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያን እወስድሃለሁ" አሉ፣ አባባ ከንፈራቸውን ማንበብ እንዲችሉ ፊታቸውን አስጠግተው።

አባባ ሳቅ አሉ። "ዕድሜዬን ሙሉ ክር ሳወጣ ኖሬ አንድ ቀን ሞቆኝ አያውቅም። ያንቺውን እጠብቃለሁ።"

እጠብቃለሁ ማለታቸውን እኔ በራሴ መንገድ ተረዳሁት። ደጋኑ እየጮኸ እስከሆነ ድረስ አባባ አይሞቱም ማለት ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው ነገር ግን ግድግዳውን ማዳመጥ ሆነ። ድውው ካለ ፊቴን እታጠባለሁ።

ሁዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት ግድግዳው ዝም አለ። ፊቴን ሳልታጠብ በሩጫ ወጥቼ እነ እማማ ቤት ገባሁ። አባባ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው በሕይወት አሉ። እማማ ግን ደጋኑን ታቅፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ ጅማቱ የለም። ከሁለቱም ጫፍ ቁራጭ ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

"አይጥ!" አሉ። "ሰው ሁሉ ጾም ይዞ እሷ የበግ አንጀት ትበላለች! አረመኔ!"

እናቴ ከኋላዬ ደርሳ ነበር፤ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። "እማማ፣ አይጥ እኮ የንስሐ አባት የላትም።"

"አንቺ ሳቂ። እኔ በሁዳዴ አንጀት ከየት አመጣለሁ?"

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ሥጋ ቤቶቹ በራቸውን ዘግተዋል፤ ጎረቤት ሁሉ ሹሮና ምስር ላይ ነው። እስከ ፋሲካ በግ የሚያርድ ክርስቲያን የለም፤ ጋቢው ደግሞ የሚፈለገው ለፋሲካ ነው። ሌላ ደጋን እንዳይዋሱ በሰፈሩ የቀረው የእሳቸው ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ ሴቶች የተነደፈ ባዘቶ ከገበያ መግዛት ከጀመሩ ቆይተዋል። እናቴ እኛም እንግዛ ብትላቸው እማማ ተቆጡ። "በገዛ እጄ ብያለሁ። የገበያ ባዘቶ ደግሞ ድምፅ የለውም" አሉ።

እስከዚያች ቀን ድምፁ ለእኔና ለአባባ ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለኝ ነበር።

ሰው ሁሉ መፍትሔ አመጣ። አባቴ ጋራዥ ስለሚሠራ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ይዞ መጣ፤ ሽቦው ጥጡን ቆራረጠው፣ በዚያ ላይ በግራሶ ጥቁር አደረገው። ሲባጎ ታሰረበት፤ ጥጡ እየተጣበቀበት ጢም አበቀለ። ናይለን ተሞከረ፤ ተለጠጠና ላላ፣ ሲስቡት "ጵ" ብሎ ዝም ይላል። አባባ መዳፋቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አድርገው ይጠብቁና ቀስ ብለው ብርድ ልብሱ ውስጥ ይመልሱታል። ከዚያ መብላት ቀነሱ። እማማ በማንኪያ ሾርባ ይዘው "ለእኔ ስትል፣ አንድ ጊዜ ብቻ" ሲሉ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። አንድ ጊዜም አይቀምሱም።

ከቤታችን ፊት ለፊት የስልጤው ነጋዴ ሱቅ አለ፤ ሚስቱ እትዬ ዘይነባ ናት። ወጣት ናት፣ ሳቋ ቀድሟት ነው የሚመጣው። ላምባ ልገዛ ስሄድ ከረሜላ ትጨምርልኝና "ጾመኛዋ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ!" ትለኛለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ሰፈሩን ሁሉ አሰልችቼ ነበር። የዚያን ዓመት አረፋ ሁዳዴ መሐል ወደቀ። የእነ ዘይነባ በግ በረንዳው ላይ ታስሮ እያለ እናቴ የጅማቱን ነገር አጫወተቻት።

በማግሥቱ ዘይነባ የእማማ በር ላይ ቆመች። "እማማ፣ አንጀቱን እኔ እሰጥዎታለሁ። ሀገር ቤት እናቴ ጥጥ ትነድፍ ነበር፤ አከራረሩን አውቀዋለሁ።"

እማማ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እንኳን አንጀት፣ ቅቤ የነካ ማንኪያ በሁዳዴ የማይነኩ ሴት ናቸው። በዚያ ላይ ደግሞ በጉን የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ በዓመት በዓል ሥጋ ተላልከን አናውቅም፣ የምንላላከው ዳቦና ለስላሳ ነው።

"ተባረኪ ልጄ" አሉ መጨረሻ ላይ። "ግን እጄ በጾም አንጀት አይነካም።"

"እርስዎ አይንኩት። የእኔ እጅ ይነካዋል።"

ያን ቀን ማታ እናቴን "በዘይነባ በግ ጅማት ከተነደፈ ጋቢው ይሰልማል?" አልኳት። በጣም ያሳሰበኝ ጉዳይ ነበር። አባባ ተጠቅልለውበት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጋቢው በመንገድ ላይ እምቢ ብሎ ወደ መስጊድ ቢጎትታቸውስ? እናቴ ትራሱን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ሲያልፍላት "ብቻ ይሙቃቸው" አለች።

የአረፋ ዕለት ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ግቢ ዋልኩ። አንጀቱን በውሃ ገልብጣ ገላብጣ አጠበችው፤ በቢላ ጀርባ ፋቀችው፤ ነጭና ስስ ሆነ። ሽታው ጾሜን እንዳያስገድፈኝ አፍንጫዬን በሁለት ጣት ይዤ በአፌ ነበር የምተነፍሰው። አንዱን ጫፍ ከልብስ ማስጫው ምሰሶ አስራ፣ ሌላውን ጫፍ በትንሽ እንጨት ላይ ጠምጥማ፣ እንጨቱን እያዞረች ከረረችው። ለአረፋ ሂና የተቀባ እጇ በእርጥቡ ጅማት ላይ ወዲህና ወዲያ ሲሄድ አይቼ የማልጠግበው ነገር ሆነብኝ። ከዚያ ጥላ ውስጥ ወጥራ ተወችው። ነፋስ ሲነካው እዚያው ምሰሶው ላይ እያለ ትንሽ ያጉረመርማል።

ሲደርስ፣ እንደገና አርጥባ ወደ እማማ ቤት ይዛው መጣች። እማማ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ግድግዳውን ተደገፉ። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው አጣፍተው ከዚያ ሆነው ያዝዛሉ።

"ታችኛውን ጫፍ መጀመሪያ እሰሪ። አይ፣ አይ፣ በጉጡ ላይ!"

"አስሬያለሁ እማማ።"

"አሁን ጉልበትሽ ላይ አድርገሽ ጎበጥ አድርጊው። በጣም አይደለም! እንጨቱን ልትሰብሪው ነው እንዴ?"

"እሱ ነው እኔን የሚሰብረኝ።"

"ላላ አድርገሽ ቋጥሪው።"

"ላላ ካለማ ምን ይጮሃል?"

"ሲደርቅ ራሱ ይሰበሰባል። እርጥቡን አጥብቀሽ ካሰርሽ ሌሊት ይበጠሳል። ላላ! እንደ ልጅ መቀነት!"

ዘይነባ ደጋኑን በጉልበቷ ይዛ፣ ጅማቱን በጥርሷ ነክሳ፣ በአንድ ዓይኗ እየጠቀሰችኝ ቋጠረችው። የእማማ እጅ አንዴ ሾልኮ ወደ ፊት ሲመጣ አየሁት፤ ደንግጠው መልሰው አጣመሩት። ጣቶቻቸው ከጀርባቸው ይቋጥሩ ነበር።

በማግሥቱ ጅማቱ ደርቆ ተወጥሮ አደረ። ግን ማን ይነድፍበት? እማማ፣ የድሮው ከጾሙ በፊት የተከረረ ነበር እያሉ፣ በጾም የታረደውን አይነኩትም። ስለዚህ ዘይነባ ሱቁን ለባሏ ትታ መጣች፤ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች፤ እንደ እማማ የደጋኑን ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር አስጠጋች። ድውው። ከዚያ ፈጠን አድርጋ፣ ድው፣ ድው፣ ድውው። አመታቷ እንደ አነጋገሯ ነው፣ ችኩል።

አባባ ታፈሰ ዓይናቸው ተከድኖ ነበር። እጃቸው ከብርድ ልብሱ ወጣ፣ የአልጋውን ጠርዝ ነካ። ቅንድባቸው ተሰበሰበ። ስንት ቀን ያልተናገሩት ሰውዬ አፋቸውን ከፈቱ።

"ማነው እሱ?" አሉ።

እማማ ፊታቸውን አስጠግተው "ዘይነባ ናት" አሏቸው።

"ጎበዝ ናት።" ትንሽ ዐረፉና "ያንቺ እጅ ግን አይደለም" አሉ። ዓይናቸውን እንደገና ከደኑ።

እማማ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ያጣመሩት እጃቸው ተፈታ። ዘይነባ አጠገብ ቁጭ አሉ፤ እጃቸውን ለደጋኑ ዘረጉ። ዘይነባ "ጾምዎትስ?" አለች ቀስ ብላ።

"እሱን ለእግዜር እኔው እነግረዋለሁ" አሉ እማማ። "አምጪው።"

ድውው። ቀስ ብሎ፣ እየተነፈሰ። ድውው። አባባ መዳፋቸውን ጠርዙ ላይ ዘረጉት። እንባ ቢጤ ከዓይናቸው ጥግ ወጥቶ ወደ ጆሯቸው ሲወርድ አየሁ። ያ ጆሮ ፋብሪካው ውስጥ እንዳልቀረ፣ እዚሁ እንዳለ ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። እኔም ወደ ቤቴ ሄጄ ግድግዳዬን ተደግፌ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በትዝታዬ ውስጥ ሁሉም ነጭ ነው። ሕማማት ሳይገባ ፈትሉ ማለቅ ስላለበት የሰፈሩ ሴቶች እንዝርታቸውን ይዘው መጡ፤ ዘይነባ እየነደፈች እማማ ያርፋሉ፣ እማማ እየነደፉ ዘይነባ ሻይ ታፈላለች። ጥጡ ፀጉራቸው ላይ፣ ቅንድባቸው ላይ፣ ሻዩ ውስጥ ይገባል። እኔ ሽበታም ሽማግሌ መስዬ ባዘቶ ራሴ ላይ ደርቤ በበሩ እወጣለሁ እገባለሁ። የንስሐ አባታቸው ጸበል ሊረጩ ሲመጡ እማማ ተንበርክከው ስለ ጅማቱ ተናዘዙ። ቄሱ ደጋኑን አዩ፣ አባባን አዩ፣ "ታዲያ ጋቢውን ልትበዪው ነው?" አሉና መስቀላቸውን አሳለሙ።

ጋቢው ደረሰ። የፋሲካ ዕለት አባባ ታፈሰ በአባቴና በዘይነባ ባል ትከሻ ላይ ተደግፈው፣ እስከ አገጫቸው ተጠቅልለው ወጡ። እኔ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ ጋቢውን በዓይኔ እከታተል ነበር። መስጊዱ መታጠፊያ ላይ ትንፋሼን ያዝኩ። ጋቢው ቀጥ ብሎ አለፈ። ዘይነባ ሱቋ በር ላይ ቆማ "እንኳን አደረስዎ አባባ! ሞቀዎት?" ብላ ስትጮህ አባባ ከንፈሯን አይተው "ላበኝ!" አሏት። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ።

በዚያው ሳምንት እማማ ከፋሲካው በግ አንጀት አዲስ ጅማት ከረሩ። የዘይነባን ጅማት ፈትተው የራሳቸውን የሚያስሩ መስሎኝ ጠበቅኩ። አዲሱን ጠቅልለው፣ አይጥ እንዳይደርስበት ከፍ አድርገው ምስማር ላይ ሰቀሉት። "ያኛው ሲበጠስ" አሉኝ። ያኛው ግን አልተበጠሰም።

ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ተኝቼ ነበር። በዝናቡ መሐል ግድግዳዬ ድውው ይላል። ዝናቡ ቆመ፤ ድምፁ ቀጠለ። እማማ አንዱን እፍኝ ሲጨርሱ ዝም ብለው ባዘቶውን ያነሳሉ፣ ሌላ እፍኝ ያስቀምጣሉ፤ ያ ዝምታ ከድምፁ እኩል የማውቀው ነገር ነበር። ያን ቀን ዝምታው አልነበረም። እናቴ የምትለቅመውን ምስር እንደያዘች ቀና አለች።

"ዛሬ እማማ አያርፉም እንዴ?"

"ደስ አይልም?" አልኳት ከእንቅልፌ ሳልወጣ። "ደጋኑ ከጮኸ አባባ አሉ ማለት ነው።"

እናቴ አየችኝ። ሰፌዱን መሬት አስቀምጣ ወጣች፤ ተከተልኳት።

የእነ እማማ በር ገርበብ ብሏል። እማማ ከአልጋው ግርጌ እንደወትሮው ተቀምጠዋል፤ የደጋኑ ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር ተጠግቷል። አባባ ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ለብሰዋል፤ ዓይናቸው ተከድኗል። እጃቸው ግን ጠርዙ ላይ አልነበረም። ደረታቸው ላይ ተጣምሮ ተቀምጧል፤ ያጣመሩላቸው እማማ ናቸው። ድውው አለ ጅማቱ። ሰሌኑ ላይ አየሁ። ከጅማቱ ሥር ጥጥ አልነበረም።

ዘይነባ ከሱቋ ሆና ሰምታ ኖሮ ከኋላችን ደረሰች። እናቴ አፏን ይዛ በሩ ላይ ቀረች። ዘይነባ ጫማዋን አውልቃ ገባች። እማማን አልነካቻቸውም። ከጆንያው አንድ እፍኝ ጥጥ ቆንጥራ ጅማቱ ሥር አኖረችላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች።

እማማ በላይነሽ ጥጡን አዩት። ቀስ ብለው፣ እንደ ሁልጊዜው፣ እስኪሳሳ ድረስ ነደፉት። ሲጨርሱ ደጋኑን አልጋው ላይ አስቀመጡና ጮኹ።